በገድልና በክስ መካከል

የሃይማኖት ማኅበር መሥርተው ብዙ ሕዝብ ያስከተሉ፣ ብዙ ጠላትም ያፈሩ ሰዎች ዜና ሕይወታቸው በሚጻፍበት ጊዜ፣ ጸሓፊው በፍቅር የተጻፈውን ገድልና በቂም የተጻፈውን ክስ ከፊቱ ዘርግቶ አንዱን ለመምረጥ ይፈተናል፤ እኔ ግን ሁለቱም በየቃላቸው ሊመረመሩ ይገባል እላለሁ፤ ለሙት ሰው የምንከፍለው የመጨረሻው ዕዳ እውነት ነውና።

ሼከሮች የተባለው የሃይማኖት ማኅበር እናት የተባለችው አን ሊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1736 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከብረት ቀጥቃጭ ቤት ተወለደች። በ1762 ስታገባ በመዝገቡ ላይ በስሟ ፈንታ ምልክት ማድረጓ ፊደል እንዳልተማረች ያስረዳል፤ ስለዚህ የእርሷ የሚባለው ቃል ሁሉ በሌላ ሰው አፍና እጅ አልፎ የመጣ ነው። በ1774 ወደ አሜሪካ ተሻገረች፤ በ1784 ዐረፈች። የምእመናኗ ምስክርነት ግን በመጽሐፍ የታተመው በ1816፣ ከዕረፍቷ 32 ዓመት በኋላ፣ ከሽማግሌዎች ትዝታ ተሰብስቦ ነው።

ያ መጽሐፍ አን ሊ በማንቸስተር 14 ቀን ያለ ምግብ በጠባብ ወህኒ ስትዘጋ ጄምስ ዊታከር የተባለ ወጣት በቁልፉ ቀዳዳ ቀጭን ቧንቧ አስገብቶ ወይንና ወተት ይመግባት እንደ ነበር ይተርካል። የከተማው ጋዜጣ ደግሞ በ1773 እርሷና ሦስት ሰዎች በክራይስት ቸርች የጧቱን ጸሎት በማወካቸው እያንዳንዳቸው 20 ፓውንድ መቀጮ እንደ ተፈረደባቸው አትሟል። ስለ ቧንቧው አንዳች አይናገርም፤ ዝምታውም ገድሉን አያፈርሰውም፣ አያጸናውምም። ጋዜጣው ግን ስደቷ ልብ ወለድ እንዳልሆነ ያረጋግጣል፤ ደግሞም የተሰደደችው የሌሎችን አምልኮ በማወክ ጭምር መሆኑን ያሳያል፤ ይህንንም የሚወዳት ሰው ሳይከፋው ሊቀበል ይገባዋል።

በሌላው ወገን የቆመው የፒትስፊልድ የባፕቲስት ሰባኪ ቫለንታይን ራዝበን ነው፤ በ1780 ከማኅበሩ ገብቶ፣ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ወጣና በ1781 መጽሐፍ አሳተመባቸው። የወጣ ሰው ቂመኛ ነው ብለው ምስክርነቱን የሚጥሉ ብዙዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ እርሷ በሕይወት ሳለች፣ ገድሉም ከመታተሙ 35 ዓመት አስቀድሞ፣ ባየው ነገር ላይ ጽፏል። ስለ ዘፈናቸውና ስለ መንቀጥቀጣቸው ሲተርክ የዓይን ምስክር ነው፤ የልባቸውን አሳብ ሲፈርድ ግን ከሳሽ ነው። በዚያው በ1780 አን ሊ ለእንግሊዝ ታግዛለች ተብላ በመጠርጠር ስለ ታሰረች፣ የዘመኑ ሰው ፍርድ ከአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ፍርሃት ተለይቶ ሊነበብ አይችልም።

ንብረትን በማኅበር የማድረጉን ሥርዓት አጽንታ ያቋቋመች እርሷ ናት ብለው የሚጽፉም ይሳሳታሉ፤ ምእመናኑ በኒው ሌባኖን በአንድ ንብረት መተዳደር የጀመሩት ከሞተች በኋላ፣ በ1787፣ በጆሴፍ ሚቸም መሪነት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የአራቱ ልጆቿ በሕፃንነት መሞት ነው። የዛሬ ጸሓፊዎች ድንግልናን ያስተማረችው ከዚህ ሐዘን የተነሣ ነው ይላሉ፤ ምእመናኗ ግን በ1770 በወህኒ ሳለች በራእይ ተገልጦላት ነው ይላሉ። የልጅ መቃብር በመዝገብ ይገኛል፤ የእናት ልብ ግን በመዝገብ አይጻፍምና፣ ጸሓፊው የሁለቱን አሳብ ከነተናጋሪው ይጻፍ እንጂ በራሱ ቃል አንዱን እንደ ታወቀ ነገር አያቁም።