የእንሶስላ ሥርና አበባ

ሰው አትክልቱን የሚመለከትበት ዐይን ሁለት ነው፤ አንደኛው ጥቅምን ይፈልጋል፥ ሁለተኛው ውበትን። ጐመን የተከለ ሰው ስለ ጐመኑ መልክ አይጠየቅም፤ ጽጌ ረዳ የተከለም ስለ ምግብነቱ አይጠየቅም። ነገር ግን ሁለቱ ዐይኖች በአንድ ተክል ላይ የተገናኙ እንደ ሆነ፥ አንዱንም ለማግኘት ሌላውን ማጥፋት ግድ መስሎ የታየ እንደ ሆነ፥ ፍርዱ ለማን ይሰጣል? ይህን ጥያቄ በጓሮ ጥግ የሚበቅለው እንሶስላ አጥብቆ ያቀርበዋል።

እንሶስላ በኢትዮጵያ ደጋዎችና በምሥራቅ አፍሪቃ ተራሮች የሚገኝ፥ ጥላ ወዳድ ተክል ነው። የዱር ማደሪያው የወንዝ ዳርና የዛፍ ሥር ነው፤ የበረታ ፀሐይ ቅጠሉን ያጠወልገዋል። ስለዚህ በጓሮው ሊያለማው የሚወድ ሰው ከትልቅ ዛፍ ሥር ወይም ከግድግዳ ጥላ ቦታ ይመርጥለታል፤ መሬቱን በበሰበሰ ቅጠልና በፍግ ያለሰልስለታል፤ ውሃ እንዳይጐድልበት፥ ደግሞም ውሃ እንዳይተኛበት ይጠነቀቃል። ዝናብ ሲጀምር ከመሬት ብቅ ይላል፤ አገዳው ወፍራምና ውሃ የሞላው ሆኖ፥ በተመቸው ቦታ ከ1 ሜትር ያልፋል፤ እስከ 2 ሜትር የሚደርስም አለ። አበባው ነጭና ሰፊ ነው፤ ጉሮሮው ሐምራዊ ጣል ያለበት ሲሆን፥ ከኋላው ጣፋጭ ውሃ የያዘ ረዥም ቀጭን ቱቦ ተንጠልጥሎበታል። መዓዛው የሚበረታው በምሽት ነው፤ እንግዳው የእሳት ራት ነውና። በጋ ሲገባ አገዳው ይደርቃል፤ ለሚያየው የሞተ ይመስላል። ሆኖም እንደ ድንች የወፈረው ሥሩ በመሬት ውስጥ ሕያው ሆኖ ዝናብን ይጠብቃል።

ክርክሩን ያመጣው ይህ ሥር ነው። የአገራችን ሴቶች ከጥንት ጀምሮ ሥሩን ቈፍረው፥ አጥበውና ወቅጠው እጃቸውንና እግራቸውን ያቀሉበታል። እንግዲህ ሥሩን ያወጣ ሰው የሚመጣው ዓመት አበባ ይቀርበታል፤ አበባውን የጠበቀ ሰውም ሥሩን ከመሬት በታች ትቶ ይኖራል። አንዱ፦ «አበባማ ከጥቂት ቀን በኋላ የሚረግፍ ነው፤ ሥሩ ካልወጣ ምን ይረባል?» ይላል። ሌላው፦ «እጅን ለማቅላት ሲባል ዓመት የጠበቀን ሕያው ነገር መንቀል ከንቱ ጌጥን መውደድ ነው» ብሎ ይመልሳል።

ነገሩን ረጋ ብሎ ለሚመረምር ግን ይህ ክርክር ጥቅም ከውበት ጋር ያደረገው አይደለም። የቀላ እጅ ጌጥ ከሆነ የጓሮ አበባም ጌጥ ነው። የተጣሉት ሁለት ውበቶች ናቸው፤ አንደኛው ተወስዶ የራስ የሚሆን ውበት ነው፤ ሁለተኛው ባለበት ተትቶ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚታይና ተመልሶ የሚመጣ ውበት ነው።

ሁለቱም ወገኖች ከተክሉ እኩሌታውን ብቻ ማየታቸውን የስሙ ታሪክ ያስረዳል። የእንሶስላን የሳይንስ ስም ያወጣው ፈረንሳዊው የዕፀዋት ሊቅ አሺል ሪሻር ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ ዕፀዋት የጻፈው መጽሐፍ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ከ1847 እስከ 1851 ታተመ። ለመጽሐፉ መሠረት የሆኑትን ዕፀዋት የሰበሰቡት ካርቲን ዲሎንና ፔቲ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሲሆኑ፥ ሁለቱም በኢትዮጵያ ምድር ሞቱ፤ ፔቲንም ዐባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የድካማቸውን ፍሬ በመጽሐፍ ታትሞ አላዩትም። ስሙ ኢምፓቲየንስ ቲንክቶሪያ ተባለ። ሁለተኛው ቃል «ማቅለሚያ» ማለት ነው፤ የሴቶቹ እጅ በስሙ ውስጥ ይታሰባል። ፊተኛው ግን ሊኔዎስ በ1753 ለወገኑ ሁሉ ያጸናው ሲሆን «የማይታገሥ» ማለት ነው፤ የበሰለው ፍሬ በእጅ ሲነኩት ፈንድቶ ዘሩን ስለሚረጭ ነው።

በጋውን ሁሉ በጨለማ የሚታገሥ ተክል «የማይታገሥ» መባሉ የሚያስደንቅ ነው። ስም የወጣለት በአንዲት ቅጽበት በታየው ጠባዩ ነውና። እንዲሁም በእንግሊዝ አገር የሚያለሙት አትክልተኞች ስለ አበባውና ስለ መዓዛው ይተክሉታል፤ ብርድ ሲመጣ ሥሩን በቅጠል ያለብሱታል እንጂ ወቅጠው እጃቸውን አያቀሉበትም። ሰውም በሰው ላይ እንዲሁ ይፈርዳል፤ በቍጣው ሰዓት ያየው ቍጡ ይለዋል፥ በዝምታው ሰዓት ያየው ሰነፍ ይለዋል፤ ከሥር ያለውን ግን አልቈፈረም።

ታዲያ ፍርዱ ምንድር ነው? መውሰድ በራሱ በደል አይደለም፤ በደሉ በጊዜውና በልኩ ላይ ነው። አበባው ባለበት ወራት ሥሩን የሚነቅል ሰው ሁለቱንም ውበት ያጐድላል። አገዳው እስኪደርቅ የጠበቀ ሰው ግን አበባውን ጠግቦ አይቷል፤ ሥሩም ከቅጠሉ የተቀበለውን ስንቅ አከማችቷል። ያን ጊዜ ቈፍሮ፥ የሚበቃውን ወስዶ፥ ጤነኛውን ሥር ወደ መሬት ቢመልስ፥ እጁም ይቀላል ጓሮውም ያብባል። ይህ ሕግ ከአትክልት ያልፋል። ልጁን ትምህርቱን ሳይፈጽም አውጥቶ ለዕለት ትርፍ የሚያሰማራ አባት፥ የሚወስደው ትርፍ እውነተኛ ትርፍ ነው፤ ነገር ግን በአበባው ወራት ተነቅሏልና ሁለተኛ አይገኝም።

ደግሞ አንድ ነገር አይዘነጋ። እንሶስላ ያለ ጥላ አይለማም፤ ጥላውን የሰጠው ዛፍም ብዙ ጊዜ ተክሉን በሚያለማው ሰው እጅ የተተከለ አይደለም። ዛፉን ለማገዶ የሚቈርጥ ባለ ጓሮ ከሥሩና ከአበባው የትኛው ይበልጣል ብሎ መከራከር አያስፈልገውም፤ ሁለቱም አብረው ይሄዱበታልና። ስለዚህ በጥላ ሥር ተቀምጦ ስለ ውበት የሚከራከር ሰው፥ አስቀድሞ ከኋላው ለሚመጣው አንድ ችግኝ ሊተክል ይገባዋል።