ለምድር የተሰጠ ዕረፍት



እግዚአብሔር ሕዝቡ በየሰባተኛው ዓመት ምድሪቱን እንዲያሳርፍ አዘዘ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 እንደምናነበው፣ ባረፈችው ምድር ላይ የበቀለው በመጀመሪያ ለድሆች፣ የተረፈውም ለዱር አራዊት ነው። እንግዲህ በእግዚአብሔር ፊት መሬትን መከለል ችግረኛውን መከልከል አይደለም።

ይህን እውነት በገዛ አገራችን እናገኘዋለን። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ጓሳ የሚባል ሰፊ የሣር ምድርና ረግረግ ይገኛል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት መኖ ይውላል። የአካባቢው አባቶች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለው ሥርዓት ጠበቁት። አባ ቄራ በሚባል ሹም እየተመሩ ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመታት ይዘጉታል፤ ጊዜው ሲደርስ ከፍተው ያጭዱታል። ለክፉ ዘመን የተቀመጠ ጎተራቸው ነበር።

ሆኖም የቄሮ መብት የባለ ርስቶች ብቻ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስት ሲሻር ሥርዓቱም ፈረሰ፤ ሣሩም ያለ ጊዜው ይታጨድና ይጋጥ ጀመር። ሕዝቡ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ኮሚቴ አቋቁሞ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መለሰ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ዛሬ ድረስ በዚያ ይኖራሉ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማር። አንደኛው የውሃ ነገር ነው። ጨፌ የክረምቱን ዝናብ በሥሩ ይዞ በበጋ ጥቂት በጥቂት ይለቅቃል። ቦይ ቆፍረን ስናጠነፍፈው፣ ባሕር ዛፍ ስንተክልበት፣ ያለ ልክ ከብት ስናስረግጠው፣ ዝናቡ በክረምት ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል፤ በበጋም ምንጩ ይነጥፋል። በላይኛው መንደር የተበላሸውን ጨፌ የምታለቅስበት፣ በታችኛው መንደር እንስራ ተሸክማ የምትወርድ እናት ናት።

ሁለተኛው የፍትሕ ነገር ነው። ጨፌው ሲዘጋ ብዙ ላም ያለው ሰው ገለባ ይገዛል፤ አንዲት ላም ያላት መበለት ግን ወዴት ትሂድ? እርስዋን ሳያስብ የወጣ ደንብ፣ ውሎ አድሮ በሌሊት የሚጣስ ደንብ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው የምድርንና የድሆችን ጩኸት አብረን እንድንሰማ ያሳሰቡን ስለዚህ ነው።

ስለዚህ ክቡራን ምእመናን፣ ጨፌ ባለበት ቁምስና ሁሉ ሽማግሌዎች፣ ወጣቶችና እናቶች ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ወንድሞቻችንና ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ተቀምጠው ይምከሩ። መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት ይወስኑ። ከመዝጋታቸው በፊት ግን የመበለቲቱ ላም የምትበላውን ድርቆሽ ማን እንደሚያዋጣ ይስማሙ። ያን ጊዜ የምንጠብቀው ሣር በእግዚአብሔር ዘንድ እንደ ምጽዋት ይቈጠርልናል።

ምንጮችን በሸለቆ የሚያፈልቅ አምላክ ጥበቡንና ትዕግሥቱን ያድለን። አሜን።