«ተሸነፍን» ማለት ለምን ከበደን?

ቡድናችን ሲያሸንፍ «አሸነፍን» እንላለን፤ ሲሸነፍ ግን «ተሸነፉ» እንላለን። «እኛ» ያልነው በአንድ ሌሊት ወዴት ሄደ?

በ2015 ዓ.ም. የውድድር ዘመን አርሰናል የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ 248 ቀናት መራ። በሆሣዕና ዕለት ሊቨርፑልን 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 2 ለ 2 ተለያየ፤ በትንሣኤ ዕለትም በዌስትሃም ሜዳ ይኸው ደረሰበት። በመጨረሻ ማንችስተር ሲቲ በ5 ነጥብ በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። በመስከረም ማልያውን ለብሰን የጨፈርንለትን ቡድን በግንቦት ስንሰድበው ተገኘን።

እርግጥ ነው፣ ጨዋታ ነው። ነገር ግን ልማድ ከሜዳ ወደ ቤት ይገባል። ፍቅራችን ውጤት እያየ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ፣ ፈተና የወደቀውን ጓደኛችንን፣ ከሥራ የወጣውን ጎረቤታችንን ማን ይጠይቀዋል? ጌታን በሆሣዕና ዘንባባ ይዞ የተቀበለው ሕዝብ ዓርብ ዕለት ምን እንዳለ እናውቃለን።

እንግዲህ «ተሸነፍን» ማለትን እንልመድ። ቃሉ መራራ ነው፤ ሆኖም አብሮ የቆመ ሰው ብቻ ይናገረዋል። በደስታም በኀዘንም የምንጸና ወዳጆች እንድንሆን አምላካችን ይርዳን። አሜን።