መመለስ ፍርሃት ነውን?

ሁለት አብራሪዎችን እናስብ። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ትንሽ አውሮፕላን ከጅማ ተነሥተው ወደ ሚዛን ተፈሪ ያመራሉ። ከቦንጋ ባሻገር ደመናው ዝቅ ብሎ ተራራውን ሸፍኖታል። ሁለቱም «እንደምንም አልፈዋለሁ» ብለው ይገባሉ። አንደኛው ቀዳዳ አግኝቶ ያርፋል፤ የሚጠብቀውም ሰው «ጎበዝ!» ይለዋል። ሁለተኛው ከጫካው ውስጥ ይቀራል፤ «ምን ያለ ግዴለሽ ነው!» ይባልለታል። ውሳኔያቸው ግን አንድ ነበር። ታዲያ የምናመሰግነውና የምንወቅሰው ማንን ነው? ሰውየውን ወይስ የደመናውን ቀዳዳ?

ነገሩ የፈላስፎች ጨዋታ ይመስል ይሆናል፤ የዚያን አገር ሰማይ ለሚያውቅ ግን ጨዋታ አይደለም። የክረምቱ እርጥብ ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ እየነፈሰ፣ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ግድም ከሆነው ከጋምቤላ ሜዳ ተነሥቶ ከ2000 ሜትር በላይ ወደሆኑት የከፋና የኢሉባቦር ተራሮች ሽቅብ ይገፋል። ሽቅብ የወጣ አየር ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ደመና ይሆናል። ዝናቡ ለሌላው አገር ካባራ በኋላ እንኳ በዚያ ወገን ቶሎ አይለቅም። የቴፒንና የበበቃን ቡና የሚያኖረው ይኸው እርጥበት ነው። ለገበሬው ሲሳይ የሆነው ለአብራሪው ግድግዳ ነው፤ በግድግዳውም ውስጥ ተራራው አለ።

በ1954 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በመሣሪያ ብቻ መብረር ያልሠለጠኑ 20 ሰዎች ውጭውን እንዳያዩ ተደርገው ተፈትነው ነበር። ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው፤ የቆዩትም በአማካይ 178 ሴኮንድ ነው። ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ዐይን አድማሱን ሲያጣ የውስጥ ጆሮ ይዋሻል፤ አውሮፕላኑ እየዞረ ሲወርድ አብራሪው «ቀጥ ብዬ እየሄድኩ ነው» ብሎ ይምላል። እዚህ ላይ ወኔ ምንም አይፈይድም።

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የነበሩትን ሚኪ ሌላንድን አሳፍራ ከአዲስ አበባ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ሰፈር የተነሣችው ትዊን ኦተር አውሮፕላን ተራራ ላይ ወድቃ፣ የተሳፈሩት 16 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ስብርባሪዋ የተገኘው ከ6 ቀን ፍለጋ በኋላ ነው። በሟቾቹ አብራሪዎች ላይ መፍረድ የእኔ ሥራ አይደለም። የምለው፣ ከኋላ የተቀመጠ ተሳፋሪ ደመናውን መመዘን ስለማይችል ሕይወቱን በሰው ፍርድ ላይ ጥሎ የሚሄድ መሆኑን ነው። «ፈሪ ለእናቱ» እያልን ያደግን ሰዎች ድፍረትን በራስ ነፍስ እንለካለን፤ በሌላ ሰው ነፍስ መድፈር ግን ስሙ ሌላ ነው።

ከባዱ ሙግት የሚመጣው ከማረፊያው ሜዳ ነው። ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ተኝታ አውሮፕላኑን ብትጠብቅስ? «ያልደረሰ አውሮፕላን አያድናትም» ማለት ቀላል ነው፤ ለእኔ ግን በቂ መልስ አይመስለኝም። ምናልባት ቢገባ ይደርስ ነበር። ትክክል የሆነ ውሳኔ ሰው ሊያስገድል ይችላል፤ ይህን አልክድም። የተመለሰው አብራሪ ያንን ሸክም ተሸክሞ ያድራል። ሆኖም ሸክሙን ለማቅለል ሲል ብቻ ቢገባ፣ ያዳነው የራሱን ኅሊና እንጂ እሷን አይደለም።

በረራ አስተማሪ የሆነ ሰው ደግሞ ከዚህ የባሰ ዕዳ አለበት። ተማሪው የሚይዘው በሰሌዳ የተጻፈለትን ሳይሆን፣ መምህሩ በደመና ሾልኮ ያረፈባትን ያችን ቀን ነው። መምህሩ ከአውሮፕላኑ ሲወርድ «ዛሬ ያረፍነው በዕድል ነው፤ እንዳትደግመው» ማለት ነበረበት። እንዲህ ብሎ በተማሪው ፊት ራሱን ማሳነስ ግን ለእኛ ባህል ደመናውን ከመድፈር ይከብዳል መሰለኝ።

ለሚመለስ የሚያጨበጭብ የለም። ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ ነዳጁ ተቃጥሏል። ትክክል እንደነበረም የሚያስረዳበት ማስረጃ የለውም፤ ያልደረሰ አደጋ ስብርባሪ አይተውምና። ጅማ ተመልሶ ሻይ ሲጠጣ ስልክ ይደወላል፤ «ኧረ እዚህ እኮ ፀሐይ ነው!» ይሉታል ከሚዛን።