ሙያ በልብ፣ ባልዲ በእጅ

ሥራ ለመጀመር ከሚያስቡ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የምንሰማው ቃል አለ፤ «ሐሳቡ አለኝ፤ የጎደለኝ ዕቃ ነው» የሚል። ያለ ዕቃ የማይሠራ ሥራ ሞልቷል፤ ይህ አይካድም። ግን ዕቃው ሲሟላ ሰውየው ባለሙያ ይሆናል ማለት ነውን? ጥያቄውን ቀላል በሚመስል ሥራ፣ በመስኮት ጽዳት፣ እንመርምረው። አዲስ አበባ ውስጥ በመስታወት የተሸፈኑ ሕንፃዎች በዝተዋል፤ ከየግንባታው የሚነሣው አቧራም አልተዋቸውም። ስለዚህ ሥራው ከእናንተ ሩቅ አይደለም።

ለዚህ ሥራ ውድ መሣሪያ አለ። ከካርቦን ፋይበር የተሠራ፣ ጫፉ ላይ ብሩሽ ያለውና ውኃ የሚረጭ ረጅም ዘንግ ነው። ሠራተኛው መሬት ላይ ቆሞ የላይኛውን ፎቅ መስታወት ያጥብበታል። ውኃው በማጣሪያ አልፎ ማዕድኑ ስለወጣለት ሲደርቅ ነጠብጣብ አይተውም። መልካም መሣሪያ ነው። ርካሹ ደግሞ ባልዲ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ ሁለት ጨርቅና ጎማ ያለው የመስታወት መጥረጊያ ነው።

ይህ የጎማ መጥረጊያ ታሪክ አለው። ኤቶሬ ስቴኮኔ ከጣሊያን ወደ አሜሪካ ተሰዶ በካሊፎርኒያ፣ በኦክላንድ ከተማ መስኮት የሚያጸዳ ሰው ነበር። በጊዜው የነበረው መጥረጊያ ከባድና የማይመች ስለነበር፣ ከናስ የተሠራ ቀላልና ባለ አንድ ጎማ መጥረጊያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1936 የፈጠራ መብት አገኘበት። ዛሬም ባለሙያዎች የሚይዙት መጥረጊያ ከዚያ ብዙ አልራቀም። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ሥራውን ያወቀው እጅ ነው መሣሪያውን የፈጠረው።

አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። መስኮት ፊት ለቆመ ሰው ይህ ምን ማለት ነው? አቧራውን አስቀድሞ በብዙ ውኃ ማራስ ነው፤ ሲሚንቶ የተረጨበትን መስታወት በደረቁ የሚፍቅ ይጭረዋልና። ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት አለመጀመር ነው፤ ሳሙናው ቶሎ ደርቆ መስመር ይተዋልና። በጎተቱ ቁጥር የጎማውን ጠርዝ መጥረግ፣ ጎማው ሲጎዳ መለወጥ፣ ማዕዘኑን በደረቅ ጨርቅ ማንሣት፣ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ማድረቅ ነው። ቀድሞ የነበረውን ጭረት ሳይጀምሩ ለባለቤቱ ማሳየት፣ በሥራ ላይ የደረሰውን ጉዳትም ሳይጠየቁ መናገር ነው። ለዚህ ሁሉ የሚከፈለው ትዕግሥትና ታማኝነት ነው። ውድ ዘንግ የያዘም ቢሆን በብሩሹ ሳያሽ ውኃ ብቻ ቢረጭ ቆሻሻውን እዚያው ትቶት ይሄዳል።

ደግሞም መስኮት የሚያጸዳ ሰው የሰው ቤት ይገባል፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ፣ ወረቀትና ገንዘብ አጠገብ ብቻውን ይቆማል። ደንበኛው በሩን የሚከፍተው ለሰውየው ነው፤ ያመነውም እርሱን ነው። ዕቃው በብድር ተገዝቶ ከሆነ ደግሞ ዕዳው ራሱ ፈተና ይሆናል። ዕዳ የሚያሳድደው ሰው ብዙ ቤት ለማዳረስ ሲል ማዕዘኑን ይዘላል፤ ከረዳቶቹም ደመወዝ መቀነስ ያምረዋል።

እዚህ ላይ ግን በሌላ በኩል መሳትም አለ። «ልብ ካለ ዕቃ ምን ይሠራል?» ብሎ ያለ ደህንነት ቀበቶ አምስተኛ ፎቅ ላይ የሚንጠለጠል ደፋር እንጂ ባለሙያ አይባልም። ሌሎችን ቀጥሮ እንዲህ የሚያሠራ ደግሞ በራሱ ሳይሆን በሰው ሕይወት ይቆጥባል። ነፍስን የሚጠብቅ ዕቃ ከቅንጦት አይቆጠርም። ዕቃውም ሥልጠናውም የሌለው ባለሙያ «ከመሬት ቆሜ የምደርስበትን ልሥራ፤ የላይኛውን አልችልም» ይላል። ገንዘቡን ይፈልገዋል፣ ኪራይም ይጠብቀዋል፤ እንቢ ማለቱ ያማል። ሙያው የሚፈተነውም እዚያ ላይ ነው።

ዳዊት የሳኦልን ጥሩር ያወለቀው መሣሪያን ንቆ እንዳልነበረ እናውቃለን፤ ወንጭፍና አምስት ድንጋይ ይዞ ነው የወጣው። ያልለመደውን ትቶ እጁ የሚያውቀውን ያዘ።

እንግዲህ በኅብረታችሁ ስትወያዩ ሁለት ዝርዝር ጻፉ። በአንዱ የሰውን ሕይወትና ንብረት ለመጠበቅ የግድ የሚያስፈልገውን ዕቃ፣ በሌላው ሥራው ሲያድግ ከትርፍ የሚገዛውን። ከመጀመሪያው ዝርዝር አንድም አትቀንሱ፤ ለሁለተኛው ስትሉ ግን ሥራ መጀመርን አታዘግዩ። ከዚያም በያዛችሁት ባልዲ የመጀመሪያውን መስኮት አጽዱ፤ ባለቤቱ የማያየውን ማዕዘን ጭምር።