የወፏ ምንቃርና የጎረቤት ሰላም



ጌታችን የሰማይን ወፎች እንድንመለከት ሲነግረን (ማቴ. 6፥26) ስለ ጭንቀታችን እንጂ ስለ ምሕንድስና አልነበረም። ይሁንና ወፍን በትዕግሥት የተመለከተ ሰው ለባልንጀራው ምን ሊያበረክት እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ታሪክ ከጃፓን አገር እናቀርባለን።

ሺንካንሴን የሚባለው የጃፓን ፈጣን ባቡር በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ብዙ ዋሻዎችን አቋርጦ ያልፋል። ባቡሩ በታላቅ ፍጥነት ወደ ዋሻ ሲገባ በፊቱ ያለውን አየር ያምቀዋል፤ የታመቀው አየር ግፊትም በድምፅ ፍጥነት ቀድሞ ተጉዞ በወዲያኛው አፍ ሲወጣ እንደ ነጎድጓድ ያስተጋባል። በዋሻው አቅራቢያ የሚኖሩ ሰዎች ሰላም አጡ፥ አቤቱታም አሰሙ። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ጩኸቱ ይብስ ነበር።

ከመሐንዲሶቹ አንዱ የነበሩት ኤይጂ ናካትሱ ወፎችን መመልከት የሚወዱ ሰው ነበሩ። ዓሣ አጥማጇ ወፍ ከቀላሉ አየር ወደ ከባዱ ውኃ ስትወረወር ውኃውን እምብዛም ሳትረጭ መግባቷን አስተዋሉ። ምሥጢሩ ከጫፉ ቀጥኖ ወደ ራሷ ቀስ በቀስ የሚወፍረው ምንቃሯ ነው። (በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጥቂት የቆመ ሰው የዚህችን ወፍ ዘመዶች በሥራ ላይ ያገኛቸዋል።) በሙከራ የተሻለ ሆኖ የተገኘውም ቅርጽ ይህንኑ ምንቃር የሚመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ የጀመረው ባለ 500 ቁጥሩ ባቡር 15 ሜትር የሚረዝም ሹል አፍንጫ ይዞ፥ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር እየተጓዘም የዋሻውን ጩኸት ቀነሰ። በጣሪያው ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ መቀበያ ክንድ ድምፅ ለማለዘብ ደግሞ የጉጉት ላባ ጥርሳማ ጠርዝ አርአያ ሆነ።

ይህን ታሪክ ተከራካሪን ዝም ለማሰኘት ብንጠቀምበት እናሳንሰዋለን። ከወፍ መብረርን የተማረ የሰው ልጅ በዚያው ክንፍ ቦምብ ጭኖ በከተሞች ላይ አውርዷልና። እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን፥ ምንቃሩ ከመጠናቱ አስቀድሞ የጎረቤት ምሬት መሰማቱ ነው።

ስለዚህ ስለ ፍጥረት በምናስተምርበት ቀን ልጆቻችንን ወደ ደጅ እናውጣ፤ ጉንዳኑን፥ ቅጠሉን፥ የወፏን ጎጆ ይመልከቱ። ሲመለሱም በሰፈራቸው ማን በማን ጩኸት እንቅልፍ እንዳጣ እንጠይቃቸው። የወፍጮውን ወይም የጄኔሬተሩን ስም ይጠሩ ይሆናል፤ የቤተ ክርስቲያናችንን የድምፅ ማጉያ ቢጠሩም እንስማቸው።