የወታደር የእጅ ሰዓትና የነገ ዕድሉ

አንድ መሣሪያ የተሠራበትን ተግባር ሌላ መሣሪያ በተሻለ አኳኋንና በረከሰ ዋጋ በሚፈጽምበት ጊዜ፤ የፊተኛው መሣሪያ በዓለም ላይ የሚቈይበት ምክንያት ይኖረዋልን? ይህ ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት የነጋዴዎችና የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን የግብረ ገብ ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን፤ አንድን ዕቃ ይጠቅማል ወይም አይጠቅምም ብለን ስንፈርድ፤ ሰው በምን ላይ መተማመን እንደሚገባው አብረን መፍረዳችን ነውና። ነገሩ እንዲጨበጥ፤ በተጠቀለለ የብረት ሞላ ኀይል የሚሠራውንና ለወታደር ተብሎ የተዘጋጀውን የእጅ ሰዓት ምሳሌ አድርገን እንወስዳለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

በመጀመሪያ የእጅ ሰዓት ከጦር ጋር ያለውን ዝምድና ማስታወስ ያስፈልጋል። ከመቶ ሃያ ዓመታት በፊት በኤውሮጳ ወንድ ሰዓቱን የሚይዘው በኪሱ ሲሆን፤ በክንድ ላይ የሚታሰረው ሰዓት የሴቶች ጌጥ ሆኖ ይቈጠር ነበር። ይህን ልማድ የለወጠው ጦርነት ነው። ከ1899 እስከ 1902 በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የእንግሊዞችና የቦኤሮች ጦርነት መኰንኖች የኪስ ሰዓታቸውን በቆዳ ማኅደር አድርገው በክንዳቸው ላይ ያስሩ ጀመር፤ በአንድ እጁ ልጓም በሌላው መሣሪያ የያዘ ሰው ኪሱን የሚፈትሽበት እጅ የለውምና። ከ1914 እስከ 1918 የተደረገው የዓለም ጦርነት በመጣ ጊዜ ደግሞ ነገሩ የምቾት መሆኑ ቀርቶ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆነ። መድፈኛው ከኋላ ሆኖ ይተኵሳል፤ እግረኛው ከፊቱ የሚወርደውን የመድፍ ጥይት እየተከተለ ይራመዳል፤ መድፈኛው ዒላማውን ወደ ፊት የሚያሻግርበትና እግረኛው የሚንቀሳቀስበት ደቂቃ ያልተስማማ እንደ ሆነ ወታደሩ የሚሞተው በገዛ ወገኑ መድፍ ነው። ስለዚህ መኰንኖች ከውጊያ በፊት ሰዓታቸውን እርስ በርስ ማስተካከል ግዴታቸው ሆነ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መንግሥታት ሰዓትን እንደ ጠመንጃና እንደ ጫማ ከግምጃ ቤት የሚታደል ዕቃ አደረጉት። የእንግሊዝ መንግሥት ዝርዝር መመሪያ አውጥቶ ገጹ ጥቁር፤ ቍጥሮቹ ጐልተው የሚነበቡ፤ በጨለማ የሚያበራ፤ ውሃ የማያስገባ ሰዓት እንዲሠራለት አዘዘ። አሥራ ሁለት የስዊስ ፋብሪካዎች በዚሁ መመሪያ መሠረት ሠርተው በ1945 አስረከቡ። በየሰዓቱም ላይ የመንግሥት ንብረት መሆኑን የሚያሳይ የቀስት ምልክት ተደረገበት። የአሠራሩ ጥበብ እንዲህ ነው፤ ቁልፉ ሲጠመዘዝ ሞላው ይጠቀለላል፤ የተጠቀለለው ሞላ ለመፈታት ሲታገል ጥርሳም መዘውሮችን ይገፋል፤ አንዲት ትንሽ ተወዛዋዥ መዘውር ደግሞ ኀይሉ በአንድ ጊዜ ፈስሶ እንዳያልቅ እየያዘች እየለቀቀች ትመጥነዋለች። በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሰዓቶች ይህ መያዝና መልቀቅ በሴኮንድ 5 ጊዜ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ 18,000 ጊዜ ይፈጸማል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። አንደኛው፤ የሰዓቱ ትክክል መሆን ሥራውን ትክክል አያደርገውም። ጁላይ 1 ቀን 1916 በፈረንሳይ አገር በሶም ወንዝ አካባቢ የእንግሊዝ ጦር ማጥቃት የጀመረው በእኛ አነጋገር ከጧቱ በ1 ሰዓት ተኩል ነበር። የመኰንኖቹ ሰዓቶች አስቀድመው ተስተካክለው ነበር፤ ፊሽካውም በተቀጠረው ደቂቃ ተነፋ። ይሁን እንጂ መድፉ የጠላትን ምሽግና የሽቦ አጥር እንደ ታሰበው አላፈረሰውም ነበርና፤ በዚያ አንድ ቀን ብቻ ከእንግሊዝ ወገን 57,000 ያህል ወታደር ሲጎዳ ከእነርሱ ውስጥ ከ19,000 የሚበልጠው ሞተ። ሰዓት የመነሻውን ደቂቃ ይናገራል እንጂ መነሣት ይገባ እንደ ሆነ አይናገርም፤ ይህ ፍርድ ሰዓቱን ላሰረው ሰውና ላዘዘው አለቃ የተተወ ነው።

ሁለተኛው፤ ቍጥሮቹ በጨለማ እንዲያበሩ ይቀቡበት የነበረው ራዲየም የተባለው ማዕድን ነው። በአሜሪካ ይህን ቀለም በቀጭን ብሩሽ ይቀቡ የነበሩ ወጣት ሴቶች የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው እያሾሉ እንዲሠሩ ይነገራቸው ነበር። መርዙ አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ መንጋጋቸውን በላው፤ ብዙዎቹም በወጣትነታቸው ሞቱ። ከመካከላቸው አምስቱ በኒው ጀርሲ ያቀረቡት ክስ በ1928 ካሳ ተከፍሏቸው በስምምነት አለቀ። በጨለማ ውስጥ ወታደሩ ሰዓቱን ያይበት የነበረው ብርሃን በሌላ ሰው ዕድሜ የተገዛ ነበር። እንግዲህ የድሮውን ሰዓት ስናመሰግን ከነዕዳው ልናስታውሰው ይገባል።

የባለሞላው ሰዓት መንግሥት የተናጋው በ1969 ነው። በዚያ ዓመት ዲሴምበር 25 ቀን የጃፓኑ የሴይኮ ኩባንያ በኳርትዝ የሚሠራ የእጅ ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ አቀረበ። ዋጋው በዚያን ጊዜ የአንዲት ትንሽ አውቶሞቢል ያህል ነበር። የኳርትዝ ድንጋይ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው በማይለዋወጥ ፍጥነት ይርገበገባል፤ ዛሬ በተለመዱት ሰዓቶች ይህ ፍጥነት በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ነው። ጥሩ የተባለ ባለሞላ ሰዓት በቀን ጥቂት ሴኮንዶች ሲስት፤ ተራው የኳርትዝ ሰዓት የሚስተው በወር 15 ሴኮንድ ያህል ነው። ዋጋውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወርዶ ለማንም ሰው ተዳረሰ። በስዊስ አገር በ1970 ገደማ 90,000 ያህል የነበረው የሰዓት ሠራተኞች ቍጥር በ1980ዎቹ ዓመታት ወደ 30,000 ገደማ ወረደ። ሠራዊቶችም አልዘገዩም፤ የእንግሊዝ ጦር ከ1980 ገደማ ጀምሮ የኳርትዝ ሰዓት ያድል ጀመር።

ይህን ውሳኔ እንደ ክሕደት ቈጥረው የሚያዝኑ ሰዎች አሉ። እኛ ግን ትክክለኛ ውሳኔ ነበር እንላለን። የሠራዊት ዕቃ የሚገዛው በሕዝብ ገንዘብ ነው፤ የሚጠብቀውም የሰው ነፍስ ነው። በሁለቱም በኩል የተሻለ ሲገኝ፤ ያለፈውን ስለ ወደዱት ብቻ የሙጥኝ ማለት ለሹም የማይፈቀድ ቅንጦት ነው።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢዎች፤ ኤሌክትሪኩ ሲጠፋና ሳተላይቱ ሲታወክ የሚሠራው ያ የድሮ ሰዓት አይደለምን ይሉን ይሆናል። ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም፤ ማስረጃም አለው። በ1970 ኤፕሪል ወር አፖሎ 13 የተባለችው የጠፈር መንኰራኵር ወደ ጨረቃ ስትጓዝ የኦክሲጅን ጋኗ ፈንድቶ ኤሌክትሪክ ባጠራት ጊዜ፤ ተጓዦቹ ኀይል ለመቈጠብ መሣሪያዎቻቸውን አጥፍተው ነበር። አቅጣጫቸውን ለማቃናት ሞተሩ መንደድ የነበረበትን 14 ሴኮንድ የለኩት በክንዳቸው ላይ በነበረው ባለሞላ ሰዓት ነው። እንደዚሁም የአሜሪካ የባሕር ኀይል አካዳሚ በ2015 ከዋክብትን አይቶ መርከብ የመምራትን ትምህርት መልሶ የጀመረው፤ የሳተላይቱ መንገድ መሪ በጠላት ሊታወክ ይችላል በማለት ነው። ለዚህ ትምህርት ደግሞ ትክክለኛ ሰዓት ግድ ነው፤ በምድር ወገብ ላይ የ4 ሴኮንድ ስሕተት መርከቡ ያለበትን ቦታ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ያሳስታልና።

ከዚህም ሌላ አንዳንዶቹ አዲስ ሰዓቶች ጊዜ ከመናገር አልፈው የባለቤታቸውን መዋያ ለሌላ ይናገራሉ። ስትራቫ የተባለው ኩባንያ በ2017 መጨረሻ ደንበኞቹ የሮጡባቸውን መንገዶች በዓለም ካርታ ላይ አውጥቶ ነበር። በ2018 መጀመሪያ ላይ ካርታውን የተመለከቱ ሰዎች በሩቅ ምድረ በዳ የሚገኙ የጦር ሰፈሮችን ቅርጽ በብርሃን ተስሎ አገኙት፤ በዚያ የሚኖሩት ወታደሮች መሣሪያውን ይዘው ሮጠው ነበርና። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት በኦገስት ወር፤ ሥፍራን የሚያመለክቱ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በግዳጅ ቦታ ሥራ ላይ እንዳይውሉ ከለከለ።

ይሁን እንጂ እነዚህን ማስረጃዎች በጥንቃቄ እንመዝናቸው። የሚያረጋግጡት ለራሱ የቆመ ሰዓት ማስፈለጉን ነው እንጂ፤ ሰዓቱ የግድ ባለሞላ መሆን እንዳለበት አይደለም። ርካሹ የኳርትዝ ሰዓትም ሳተላይት አይጠይቅም፤ የማንንም መዋያ አይናገርም፤ በአንድ ባትሪ ጥቂት ዓመታት ይሄዳል። ባለሞላው በበኩሉ ባትሪ ባይሻም በየጥቂት ዓመቱ አጥቦ ዘይት የሚቀባውን ባለሙያ ይሻል። ከማንም እርዳታ ፍጹም ነጻ የሆነ ዕቃ የለም፤ መጠየቅ ያለብን በማን ላይ መደገፍ ይሻለናል ብለን ነው።

ልዩነቱ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ርካሹ የኳርትዝ ሰዓት ባትሪው ተለውጦ አልሠራ ሲል ይጣላል፤ የሚጠግነው ሰው አይፈለግም። ባለሞላው ሰዓት ግን ሲቆም ለምን እንደ ቆመ በዐይን ይታያል፤ የተሰበረው ጥርስ ይታያል፤ የደረቀው ዘይት ይታያል፤ ትዕግሥት ያለው ተማሪ ከመምህሩ አጠገብ ተቀምጦ መንሥኤውን ሊደርስበት ይችላል። በከተሞቻችን በመንገድ ዳር ከመስታወት ሣጥኑ ኋላ ተቀምጦ፤ አጉሊ መነጽር በአንድ ዐይኑ ይዞ የሚሠራውን ሰዓት ሠሪ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። እርሱ ሲያረጅ ሙያውን የሚወርስ ወጣት ካልተገኘ፤ በየቤቱ ተቀምጠው ያሉት የአባቶች ሰዓቶች ብረት ብቻ ሆነው ይቀራሉ። የባለሞላው ሰዓት ዕድል ከፋብሪካው ይልቅ የተንጠለጠለው በዚህ ሰው ላይ ነው።

በንግድ ዓለምስ ይህ ሰዓት አልሞተም። ፋብሪካዎች የጥንቱን የወታደር ሰዓት መልክ እየተከተሉ አዳዲስ ባለሞላ ሰዓቶች ያወጣሉ፤ ከ1945ቶቹ የተረፉትንም ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ ይፈላለጓቸዋል። ነገር ግን ያ ሰዓት ሲሠራ ጌጥ እንዳይኖረው ታስቦ ነበር፤ የማንም የግል ሀብት ሳይሆን በአደራ የሚሰጥ የመንግሥት ንብረት ነበር። ዛሬ ያው ጌጥ አልባነቱ ራሱ ጌጥ ሆኖ ይሸጣል። አንድ ሰው ያማረውን ገዝቶ ቢያስር አንነቅፈውም። ዳሩ ግን ምሽግ ያላየ ክንድ የምሽግ ሰዓት አስሮ የጀግንነት ስሜት ሲሰማው፤ አባቶቻችን ‹‹ከመጠምጠም መማር ይቅደም›› ያሉት ይታወሰናል። ከዚያ ሰዓት የሚወረስ ክብር ቢኖር የቀጠሮ አክባሪነትና የአደራ ጠባቂነት ክብር ነው፤ ይህም በገበያ አይገኝም።

ነገሩ ከወታደር ክንድ አልፎ ወደ እኛ ወደ መሥሪያ ቤቶች ይደርሳል። ዛሬ በጽሕፈት ቤት መስኮት ፊት የቆመ ባለጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚሰማት ቃል ‹‹ሲስተም የለም›› የምትለዋ ናት። መረቡ ሲቋረጥ ሥራው ይቆማል፤ ከሩቅ ቀበሌ የመጣው ሽማግሌም ሳይፈጸምለት ይመለሳል። ወደ ድሮው መዝገብ እንመለስ ማለታችን አይደለም፤ የኳርትዙን ሰዓት እንዳልነቀፍን ኮምፒዩተሩንም አንነቅፍም። ነገር ግን ኀላፊነት የተቀበለ ሰው መሣሪያው በቆመ ጊዜ ሥራውን በምን እንደሚቀጥል አስቀድሞ ማወቅ፤ ለዚያም የሚሆን ሰው ማሠልጠን አለበት። የባሕር ኀይሉ አካዳሚ ከዋክብትን ወደ ማስተማር የተመለሰው ሳተላይቱን ጠልቶ አይደለም።

እንግዲህ ለተነሣንበት ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ባለሞላው የወታደር ሰዓት በሠራዊት ግምጃ ቤት ውስጥ የወደፊት ዕድል የለውም፤ እንዲኖረውም መመኘት አይገባም። በሰብሳቢዎች ክንድ ላይ ይኖራል፤ ይህ ግን የመልኩ እንጂ የተግባሩ ሕይወት አይደለም። እውነተኛ ዕድል የሚኖረው፤ ሰው የሚገለገልበትን ነገር ከውስጡ ለማወቅ በሚፈልግበት ቦታ ነው። ስለዚህ መምህራንን አንድ ነገር እንለምናለን። የቆመ ባለሞላ ሰዓት ሲያገኙ አይጣሉት፤ በጨለማ እንዲያበራ የተቀባ ጥንታዊ ሰዓት ካልሆነ በቀር፤ እንዲህ ያለው ራዲየም ሊኖርበት ስለሚችል መከፈት የለበትምና፤ በተማሪዎቻቸው ፊት ይክፈቱት። ሞላው ኀይልን እንዴት እንደሚያስቀምጥ፤ መዘውሮቹ እንዴት እንደሚያስተላልፉት፤ ተወዛዋዧ መዘውር እንዴት እንደምትመጥነው ያሳዩአቸው። ከእነዚያ ልጆች አንዱ የቆመውን ሰዓት መልሶ ቢያስኬደው፤ ሙያው አንድ ትውልድ ተሻገረ ማለት ነው።